ከወንድሙ ጣሪያ በላይ

ሰውየውን የሥራ ሰዎች ሁሉ የሚያውቁት «ውሃልክ» በሚል ቅጽል ስም ነው። ውሃልክ ግንበኛ ወለል ላይ አጋድሞ ጠፍጣፋነቱን የሚያይባት፣ አረፋ ያላት መለኪያ ናት። ስሙን ያወጡለት ግንበኞች ናቸው። ገና ጀማሪ አርክቴክት ሳለ አልቆ የተወለወለ ወለል ላይ ይቆምና በጫማው ሶል ዳሰስ ዳሰስ አድርጎ «ወደ ግራ ወርዷል» ይላል። ግንበኛው «የት ጋ?» ብሎ ይሟገተዋል። መለኪያው ሲመጣ እውነትም ሁለት ሚሊ ወርዶ ይገኛል፤ ወለሉም ይፈርሳል። እንዲህ ያለ ሰው ይከበራል እንጂ ብዙም አይወደድም። እሱም ይህን ያውቀዋል።

ቢሮው ከሴራሚክ መሸጫ በላይ ያለች አንዲት ክፍል ናት። ሁለት ጠረጴዛ፣ አንድ ኮምፒውተር፣ ጥግ ላይ የተደገፉ ጥቅል ፕላኖች፣ መስኮቱ ሥር ደግሞ በካርቶን የተሠሩ ትንንሽ ቤቶች አሉ። ካርቶኖቹ ላይ አቧራ ተቀምጧል፤ እንዲጠረግ ግን አይፈቅድም፤ የጽዳት ሠራተኛዋ አንዴ የአንዱን ቤት በረንዳ በጨርቋ ይዛ ሄዳለች። ኮምፒውተሩ ቢኖርም የመጀመሪያዋን መስመር የሚያሰምረው በእርሳስ ነው። ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ የሠራው የቤተሰብ መኖሪያ ቤት ብቻ ነው፤ ሆቴል አልሠራ፣ ባንክ አልሠራ። መሬቱ ተዳፋት ሲሆን ደግሞ አቻ የለውም ይባላል። ሌላው አርክቴክት ተዳፋት ሲያይ ዶዘር ይጠራል። እሱ ግን ቤቱን ከፋፍሎ፣ ከመሬቱ ጋር ቀስ እያለ ያወርደዋል፤ ዛፍ ካለም ዛፉን ዞሮ ያልፋል።

ቅናተኛ ነው። ይህን ከአሁኑ መናገር ይሻላል፣ ኋላ «መቼ ነገርከን» እንዳትሉ። በሙያ ጓደኞቹ አይቀናም፤ ሀብታም አይቶም ዓይኑ አይቀላም። ዕድሜውን ሙሉ የቀናው በአንድ ሰው ብቻ ነው፤ በታናሽ ወንድሙ።

ታናሽየው ዳቦ ጋጋሪ ነው። ወፈር ያለ፣ ሳቂታ፣ ቅንድቡ ላይ ዱቄት የማይጠፋ ሰው ነው። መንገድ ላይ አሥር እርምጃ ሳይሄድ ሦስት ሰው ያስቆመዋል። የነገሩ ሥር ግን የቆየ ነው። ልጆች ሳሉ ታላቅየው ከክፍሉ አንደኛ ሲወጣ እናታቸው ካርዱን ታይና «ጎበዝ» ብላ መሳቢያ ውስጥ ታስቀምጠዋለች። ታናሽየው ሠላሳ ስምንት ተማሪ ካለበት ክፍል ሠላሳ አራተኛ ወጥቶ ሲመጣ ግን እንባዋ እስኪፈስ ትስቅና ጎረቤት ጠርታ «አራት ልጅ በልጦ መጣላችሁ» ብላ ታወራለታለች። ታላቅየው ያኔ በሆዱ የቋጠራትን ነገር ሃምሳ ዓመት ሲሞላውም አልፈታትም። እናቱ ከሱ ጋር የምታወራው ስለ ደም ግፊቷ፣ ስለ ቧንቧው፣ ስለ መብራት ቆጣሪው ነው። ከታናሽየው ጋር የምታወራው ግን ስለ ምንም ነው፤ ስለ ምንም እያወሩ ሰዓቱ ይነጉዳል። እሱ አጠገባቸው ተቀምጦ ስንት ጊዜ እንደሳቀች ይቆጥራል። በሱ ቀልድ አንዴ፣ በዚያኛው ቀልድ አሥራ አንዴ።

አባታቸው የደን ጥበቃ ሠራተኛ ነበር። ሲሞት ለሁለቱ ልጆቹ ከከተማው ዳር ያለ ደናማ ተዳፋት መሬት ተወላቸው። ከላይ አስፋልት ያልፈዋል፤ ከታች ጠባብ የጠጠር መንገድ አለ፤ በሁለቱ መካከል ረጃጅም ዛፎች ቁልቁል ተሰልፈው ቆመዋል። እናታቸው በዚያን ጊዜ የምትኖረው ሊፍት በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር፤ ጉልበቷም እየከዳት ነበር። ወንድማማቾቹ መሬቱ ላይ ሁለት ቤት ሊሠሩ ሲነጋገሩ ሰማቻቸውና ቁርጡን ነገረቻቸው።

«እናንተ ሥሩ። ሲያልቅ ከያንዳንዳችሁ ቤት አንድ አንድ ወር እቀመጣለሁ። የተመቸኝ ጋ ጠቅልዬ እገባለሁ። ከዚያ በኋላ ማንም እንዳያኮርፈኝ።»

ታላቅየው በዚያች ቅጽበት ቤት መሥራቱን ትቶ ውድድር ጀመረ። ታናሽየው የተባለውን የሰማም አይመስልም ነበር፤ ወንበሩን ወደ ወንድሙ ሳብ አድርጎ «ጋሼ፣ የኔንም ቤት አንተው ንደፍልኝ» አለው። «አንተ እያለህ ሌላ ሰው ደጅ ልጠና ነው?»

«ላዩን ነው ታቹን የምትፈልገው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። አንተ ታውቃለህ።»

ሌላ ሰው ቢሆን ዕጣ ይጣል ይል ነበር። ውሃልክ ግን መጀመሪያ መሬቱን ልየው አለ። ከቀያሹ ጋር የሄደው በደረቁ ወር ነበር፤ ዛፎቹ ቅጠላቸውን አራግፈው ባዶ ቅርንጫፋቸው ቀርቷል። ቀያሹ መሣሪያውን ተክሎ እያንዳንዱን ግንድ ሲመዘግብ፣ እሱ ላይኛው ጫፍ ላይ ቆሞ ቁልቁል ተመለከተ። በቅርንጫፎቹ መካከል ሸለቆው ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ከሸለቆው ባሻገር ሐይቁ ያብረቀርቃል። እናቱን እዚያ መስኮት ዳር ተቀምጣ አያት። «ይኼ የኔ ነው» አለ በልቡ።

ለወንድሙ የነገረው ሌላ ነው። «ያንተ የዱቄት መኪና በታችኛው መንገድ በቀላሉ ይገባልሃል፤ አስፋልቱ ዳር መቆም ያስቸግራል» አለው። ታናሽየው ራሱን ነቀነቀ።

«እውነትህን ነው። እኔ መች ይኼን አሰብኩት።»

ይህን ሲለው ውሃልክ ትንሽ እፍረት እንኳ ሽው አላለውም ብል ዋሾ እሆናለሁ። ሽው ብሎት ነበር፤ ግን አለፈ።

የራሱን ቤት በሁለት ሳምንት ነደፈው። አራት ወለል ያለው፣ እያንዳንዱ ወለል ከበላዩ ካለው በግማሽ ፎቅ ዝቅ የሚል፣ ተዳፋቱን ይዞ የሚወርድ ቤት ነበር፤ መጽሔት ላይ የሚወጣው ዓይነት። ከሁሉ በላይ የተጨነቀበት የእናቱ ክፍል ነው። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ መስታወት አደረገው፤ ወንበሯ የሚቆምበትን ቦታ ሳይቀር ወረቀቱ ላይ ሣለው። ወደ ክፍሏ ለመድረስ ከሳሎን ሰባት ደረጃ መውረድ፣ መዞርና አምስት ደረጃ መጨመር ያስፈልጋል። አንዴም ይህን ልብ አላለውም፤ ሐሳቡ ሁሉ መስታወቱ ላይ ነበር።

የወንድሙ ቤት ግን ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። አርክቴክቶች ቤቱንና መሬቱን ልክ ዳቦ በቢላ ሲቆረጥ እንደሚታየው ከጎን ቆርጠው የሚያሳዩበት ንድፍ አላቸው። ውሃልክ ያንን ንድፍ ዘረጋና ከራሱ ሳሎን ወለል ተነስታ በቀጥታ ወደ ሐይቁ የምትሄድ ቀይ መስመር አሰመረ። የወንድሙ ጣሪያ ያቺን መስመር እንዳይነካ፣ ነገሩ ይኸው ነው። ፎቅ ቀረ። ጣሪያው ዝቅ አለ። ቤቱ ከፍ ማለት ስለማይችል ወደ ጎን ሄደ፤ የመሬቱን ከፍታ መስመር ተከትሎ፣ ረዥምና ቀጭን፣ ከዳር እስከ ዳር አንድ ወለል ሆነ። ደግሞ የወንድሙ ቤተሰብ ሽቅብ እየተንጋጠጠ ቤቱን እንዳያይበት መስኮቶቹን በሙሉ ወደ ታች፣ ወደ ሸለቆው አዞራቸው። የወንድሙ ሚስት «አንድ የእንግዳ ክፍል ቢኖረን» ብላ ስትለምነው «መሬቱ አይፈቅድም» አላት። መሬቱ ግን ይፈቅድ ነበር። የእንግዳ ክፍል ካለ እናቱ ትገባበታለች ብሎ ነው። በምትኩ ከወጥ ቤቱ አጠገብ ዕቃ ቤት አደረገላት፤ ከላይ መደርደሪያ ስለሚገባ መስኮቷን ከወለሉ ብዙም ከፍ አላደረጋትም።

አንድ ነገር ግን አይካድም። ይህ ሰው በክፋት ተነስቶም ክፉ ሥራ መሥራት አይችልበትም። ያቺ ዝቅ ያለች ቤት ፀሐይ ከየት እንደምትመጣ፣ ነፋስ በየት እንደሚወጣ፣ የዝናብ ውሃ ወዴት እንደሚሄድ አንድ በአንድ ታስቦላታል። እጁ እንዲያ ነው የለመደው።

ፎርማኑ አንድ ቀን «ኢንጂነር፣ የታችኛውን ቤት ግማሽ ሜትር ከፍ ብናደርገው መሠረቱ ይቀልልን ነበር» አለው።

«አይቻልም።»

«ምን ችግር አለው?»

«አይቻልም አልኩህ እኮ።»

ሌላም ነገር አለ። ወንድሙ ዳቦ ጋጋሪ ስለሆነ ዛፉን ለምድጃ ይፈጀዋል ብሎ ፈርቶ፣ አንዱ ያለ ሌላው ፈቃድ ዛፍ እንዳይቆርጥ የሚል ውል በራሱ እጅ ጽፎ አስፈረመው። ታናሽየው ሳያነብ ፈረመ። ቤቶቹም በዓመት ከመንፈቅ አለቁ።

እናትየዋ መጀመሪያ የገባችው ታላቅየው ጋ ነው። ዝናቡ ከጀመረ ወር አልፎት ነበር። ውሃልክ እጇን ይዞ ሰባቱን ደረጃ አወረዳት፣ አዞራት፣ አምስቱን አወረዳት። ደረጃ በወረደች ቁጥር «ኡፍ» ትላለች። በሩን ከፍቶ መጋረጃውን እስከ ጥግ ሳበው።

ከመስታወቱ ወዲያ ቅጠል ነበር። ቅጠል ብቻ። ሐይቅ የለም፣ ሸለቆ የለም፣ ሰማይ እንኳ በቀዳዳ ነው። እነዚያ ዛፎች ሥራቸው ታች የወንድሙ መሬት ላይ ነው፤ ከዚያ ተነስተው ወደ ላይ ሲያድጉ ቅጠላቸው የሚከመረው ልክ እሱ ሳሎን ፊት ለፊት ነው። ቀያሹ የግንዶቹን ውፍረትና ቁመት ሁሉ መዝግቦለት ነበር። እሱም ቁመቱን አይቷል። በደረቅ ወር መጥቶ ራቁቱን የቆመ ዛፍ ስላየ ግን ቅጠሉን ረሳው። ሃያ አምስት ዓመት ተዳፋት ላይ ቤት የሠራ ሰው። አንድ ጀማሪ ቢሳሳተው ኖሮ ወረቀቱን ይቀድበት ነበር።

«አረንጓዴ ነው» አለች እናቱ። «ደስ ይላል።»

ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ ነበር። የጥርስ ሐኪም ናት፤ ሰው አፉን ከፍቶ ዝም እንዲል ማድረግ ታውቅበታለች። «መብራቱን ላብራላቸው?» አለች። እኩለ ቀን ነበር።

ወሩ እንደምንም አለፈ። እናትየዋ የመጀመሪያዎቹን ቀናት እየወጣች ሳሎን ትቀመጥ ነበር፤ ከሳምንት በኋላ ጉልበቷ አመጸና ምግቡ ወደ ክፍሏ ይወርድላት ጀመር። ውሃልክ ራሱ ትሪውን ይዞ እየወረደ «ተመቸሽ?» ይላታል። «ምን ጎድሎኝ ልጄ» ትለዋለች። ከሰዓት ይመጣና እንደገና «ተመቸሽ?» ይላል። ስለ ደም ግፊቷ ያወራሉ። ስለ ቧንቧው ያወራሉ። ከዚያ ሁለቱም ቅጠሉን ያያሉ። ሠላሳኛው ቀን ሲሞላ ሻንጣዋን ዘግታ ወደ ታችኛው ቤት በመኪና፣ በጠጠሩ መንገድ ዞራ ወረደች።

የቅናትን መጥፎነት ማወቅ የሚፈልግ ሰው በዚያ ወር ውሃልክን ማየት ነበረበት። ከታች ሳቅ ይሰማል። ማን እንደሳቀ ይለያል፤ በምን እንደተሳቀ ግን አይሰማም። መስታወቱ ላይ ግንባሩን ለጥፎ ቅጠሉን በዓይኑ ሊበሳ ይሞክራል፤ የወንድሙ ጣሪያ አንዱ ጫፍ ብልጭ ይላል እንጂ ሌላ ነገር የለም። ለነገሩ ጣሪያውን እንዳይታይ አድርጎ ያሳነሰው ራሱ ነው። ቢሮ ይሄድና እርሳሱን ይዞ ይፈዛል። ምሳ አይበላ፣ ራት አይጥመው። ሚስቱ ዝም ብላ ስታየው ቆይታ «አንተ ሰውዬ፣ ውረድና እያቸው። ቅናት እኮ ጨጓራ ይልጣል» አለችው።

«ማን ነው የቀናው?»

«እኔ ነኛ» አለችውና ሳህኑን አነሳች።

በዘጠነኛው ቀን «የዝናብ ቦዩን ልይ» ብሎ ወረደ። ከላይኛው ቤት ወደ ታችኛው በዛፎቹ መካከል የሚወርድ የድንጋይ ደረጃ አለ፤ ስልሳ አራት ነው፣ ራሱ ነው የነደፈው። ታች ሲደርስ መጀመሪያ የገረመው ብርሃኑ ነው። እዚህ ቅጠሉ ከራስ በላይ ነው። ከቅጠሉ ሥር፣ በግንዶቹ መካከል፣ ሸለቆውም ሐይቁም ቁጭ ብለዋል። እሱ በደረቁ ወር ከላይ ሆኖ ያየው ነገር ሁሉ እዚህ ታች በዝናቡም ወር አለ። እዚያው ቆሞ ቀረ።

በሩ ክፍት ነበር። እናቱ ወጥ ቤት ውስጥ፣ በትር ሳትይዝ፣ ግድግዳውንም ሳትደገፍ ወዲያ ወዲህ ትላለች። ከዳር እስከ ዳር አንድም ደረጃ የለም። ታናሽየው ሊጥ እያሸ ስለ አንድ ደንበኛው ያወራል፤ ሰውየው የገዛውን ዳቦ ብብቱ ውስጥ ይዞ ዳቦ ጠፋኝ ብሎ ሲጮህ ነበር አሉ። እናቱ ጠረጴዛውን ይዛ ትስቃለች። ውሃልክ ቆጠረ፤ ሦስት።

«መጣህ?» አለችው። «ና ክፍሌን ላሳይህ።»

ክፍሏ ዕቃ ቤቱ ነበር። መደርደሪያው አልገባም፤ አልጋ ገብቷል። ዝቅ ያለችው መስኮት ከትራሱ ጋር እኩል ናት። «ጠዋት ሳልነሳ» አለች፣ «ተኝቼ መንገደኛውን አያለሁ። ማን ወደ ሥራ እንደሄደ፣ ማን እንደቀረ አውቃለሁ። ትናንት ሁለት ሰው ከዚሁ ሆኜ ሰላም ብያለሁ።»

 ያንን ሁሉ መስታወት አስገጥሞ ራሱ የነደፋት ዕቃ ቤት በለጠችው። የዝናብ ቦዩን ሳያይ ተመለሰ።

አንድ መላ ብቻ ታየው፤ ዛፎቹን መቁረጥ። ሰባቱ ቢነሱ ላይኛው መስኮት ይከፈታል፤ ሐይቁን ካየች ሐሳቧን ትለውጣለች። ግን ዛፎቹ የወንድሙ መሬት ላይ ናቸው፤ ውሉን ደግሞ የጻፈው ራሱ ነው። አምስት ቀን ሲያመነታ ቆየ። ታናሽ ወንድሙን ምንም ነገር ለምኖ አያውቅም። በስተመጨረሻ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወንድሙ የሚፈርምበትን የፈቃድ ወረቀት ኪሱ ከትቶ ወረደ።

ታናሽየው በረንዳ ላይ ነበር። ውሃልክ ንግግሩን ደረጃ ሲወርድ አሰናድቶት ነበር፤ ሲደርስ ጠፋበት። «እ… እነዚህ ዛፎች» አለ። «ላዩን ከልለውኛል። ሰባት ናቸው።»

ታናሽየው ዛፎቹን አያቸው። «ቁረጣቸዋ» አለ።

«ላንተ ጥላ ናቸው እኮ።»

«ጥላው ምን ያደርግልኛል፣ ቀኑን ሙሉ ምድጃ ፊት የምቆም ሰው። የት ጋ ነው የምፈርመው?»

ውሃልክ ቢከለክለው ይሻለው ነበር። ቢከራከረው፣ ቢያኮርፈው፣ «ውሉን አንተ አይደለህ የጻፍከው» ቢለው። ሰውየው ግን እስክሪብቶ ፍለጋ ኪሱን ይዳብሳል። እናትየዋ ከውስጥ ሆና ሰምታ ኖሮ ወደ በሩ ብቅ አለች።

«ምኑን ነው የምትቆርጡት?»

«ዛፎቹን እማዬ» አለ ውሃልክ። «ላይ ካለው ክፍልሽ ሐይቁ እንዲታይሽ።»

«ለኔ ብለህ ከሆነ ተው። እኔ እዚሁ ነኝ» አለች። ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ወሩ ሲሞላ ልነግርህ ነበር፤ ካነሳኸው ዘንዳ አሁን ልንገርህ። እዚህ ነው የምቀመጠው።»

ውሃልክ ወረቀቱን አጠፈው፤ እንደገና አጠፈው። ሊናገር አፉን ከፈተ። እናቱ ቀደመችው።

«ደግሞ እንዳትቀየም። ያየሁ አልመሰለህም? ይኼን ቤት ለማን ብለህ እንደሠራኸው አይገባኝም? ደረጃ የሚባል የለው። መስኮቱ ተኝቼ እንዳይበት ተደርጎ። ወጥ ቤቱ ከክፍሌ ሦስት እርምጃ። ጠዋት ፀሐይ በዚህ፣ ከሰዓት በዚያ። እያንዳንዱን ነገር ለኔ ጉልበት፣ ለኔ ዓይን አስበህ ሠርተህ ስታበቃ ለወንድምህ ሰጠኸው። ለራስህ ያንን ደረጃ ብቻ የሆነ ቤት አስቀረህ። እንግዲህ እናቴ ታናሼ ጋ ቢመቻት ይሻላል ብለህ ነው።»

«እማዬ…»

«ቆይ ልጨርስ። ሳሳድግህ ባንተ አልሰጋሁም። ቀጥ ያልክ ልጅ ነህ፣ ማንንም አትፈልግም ብዬ ተውኩህ። ልቡ ደረቅ ነው እል ነበር፤ ለሱም ብዬው አውቃለሁ።» ታናሽየውን በአገጯ አሳየችው። «ተሳስቻለሁ። ከሁለታችሁ ለኔ ያሰበው አንተ ነህ።»

ራሱን ወደ ራሷ ስባ ግንባሩን ሳመችው። ያንን ነገር ካርዱ መሳቢያ ከገባ ጊዜ ጀምሮ ሲጠብቀው ኖሯል። መጣለት፤ ግን ለሱ አልነበረም። የሳመችው ሌላ ሰው ነው። ለእናቱ ጉልበት ብሎ ደረጃ የሚያስቀር፣ ለታናሹ ብሎ ጥሩውን የሚለቅ አንድ ደግ ልጅ አለ፤ እሱን ነው የሳመችው። ውሃልክ በዚያ ሰው ቀናበት፤ በወንድሙ ቀንቶ በማያውቀው መጠን ቀናበት።

«እማዬ፣ እንደዚያ አይደለም» አለ።  «ጣሪያውን ዝቅ ያደረግኩት እንዳይከልለኝ ብዬ ነው። ዕቃ ቤቱንም… አንቺ እንዳትገቢ ብዬ ነው የእንግዳ ክፍል የከለከልኳቸው። እውነቴን ነው።»

እናቱ ትንሽ አየችው። ከዚያ ሳቀች፤ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች፤ ለዚያኛው ስትስቅ እንደኖረችው። «አየኸው?» አለችው ታናሽየውን። «ምስጋና እንኳ መቀበል አይችልም እኮ ይኼ ልጅ።» እየሳቀች ወደ ውስጥ ገባች። ታናሽየው አብሯት ሳቀ፤ ዓይኑ ግን የገዛ መዳፉ ላይ ነበር።

ወንድማማቾቹ ደረጃውን አብረው ወጡ። ታናሽየው ልሸኝህ ብሎ ነው የተከተለው፤ ሃያ ደረጃ እንደወጡ ማለክለክ ጀመረ። ውሃልክ ቆመለት።

«ታውቅ ነበር?»

«ምኑን?»

«ምኑን አትበለኝ።»

ታናሽየው ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። «ፕላኑን የሰጠኸኝ ቀን» አለ። «ያቺን ቀይ መስመር ለማየት ምን ትምህርት ያስፈልጋል? ካንተ ሳሎን ተነስታ የኔን ጣሪያ ልሳ ታልፋለች። ዳቦ ጋጋሪ ነኝ እንጂ ዕውር አይደለሁም ጋሼ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«ቤቱ ጥሩ ነበራ።»

«ለሷስ? ያንን ሁሉ ያልካት አንተ ነህ?»

ታናሽየው ላቡን በእጅጌው ጠረገ። «በገባች በሦስተኛው ቀን ይኼ ቤት ደረጃ የለውም አለችኝ። ላንቺ ብሎ ነው አልኳት። ደስ አላት። በበነጋው መስኮቱን ጠየቀችኝ፤ እሱንም ላንቺ ብሎ ነው አልኳት። ከዚያ በኋላ ራሷ ቀጠለችው። ለጎረቤቱ ሁሉ አውርታልሃለች። ምን ልበላት ታዲያ?»

«እውነቱን።»

«እውነቱንማ አሁን አንተ ነገርካት። አመነችህ?»

 ወንድሙ ተነስቶ ጀርባውን መታ መታ አደረገውና ቁልቁል ተመለሰ። ውሃልክ ቆሞ አየው፤ ደረጃውን በጎኑ እየወረደ፣ ግንዶቹን እየያዘ። ሊጠላው ፈለገ። ምክንያት ፈለገ። ዕድሜውን ሙሉ እናቱን ወሰደብኝ ሲለው ነበር፤ አሁን ደግሞ ሰውየው ያልነበረውን ደግነት ሰጥቶት ሄደ፤ ያ ደግነትም ቢሆን የወንድሙ ነው። የቀሩትን አርባ አራት ደረጃዎች አንድ በአንድ ወጣቸው።

ሚስቱ ሳሎን ሆና የነገ ቀጠሮዎቿን ታያለች። ወረቀቱን ሳይፈረም ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጠው ቀና አለች።

«ምን አሉ?»

«እዚያ ነው የምትቀመጠው።»

«እንዴት? ይኼን የመሰለ ክፍል እያለ?» አለች። አልቀለደችም፤ ከልቧ ነበር የጠየቀችው።

ውሃልክ ወንበሩ ላይ ተቀመጠና ጫማውን መፍታት ጀመረ።

«የዚያኛውን ቤት ጥሩ አድርጌ ነው የሠራሁት» አላት።